አንዲት ፊደል ስንት ታወጣለች?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 «ውስኪ ዶት ኮም» የተባለው የኢንተርኔት አድራሻ በ3 ሚሊዮን 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ተሸጠ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ገዢው ጀርመን አገር ውስኪ የሚቸረችር የንግድ ቤት ነው። ዋጋው ትልቅ ነው፤ ከዋጋው ይልቅ ግን ልብ ሊባል የሚገባው የስሙ አጻጻፍ ነው። አሜሪካኖችና አየርላንዳውያን ውስኪን በላቲን ፊደል ሲጽፉ ከ«ኬ» ቀጥሎ «ኢ» የምትባለውን ፊደል አስገብተው በ«ዋይ» ይዘጋሉ። ስኮትላንዳውያን «ኢ»ን አያስገቧትም፤ ከ«ኬ» በቀጥታ ወደ «ዋይ» ይሄዳሉ። ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ይኸው «ኢ» የሌለበት የስኮትላንዳውያኑ አጻጻፍ ነው።

ለመሆኑ አሜሪካን የሚያህል ገበያ ቆሞ ሳለ፣ አብዛኛው አሜሪካዊ የማይጽፈው ስም ስለምን ይህን ያህል አወጣ? መልሱ ዶሜይን ስም፣ ማለትም አንድ ድርጅት በኢንተርኔት ላይ የሚገኝበትን አድራሻ፣ ለመግዛት፣ ለመሸጥ ወይም ለማደለል ለሚያስብ ሰው ኪስ የቀረበ ጉዳይ ነው።

ኪራዩ ትንሽ፣ ቁልፉ ውድ

ዶሜይን ስም እንደ መርካቶ ሱቅ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። የመርካቶ ነጋዴ «ቁልፍ» የሚባለውን ክፍያ ያውቀዋል። ለቤቱ በየወሩ የሚከፈለው ኪራይ ትንሽ ሆኖ፣ ቀድሞ ይዞት ለነበረው ሰው ለመልቀቂያ የሚሰጠው ገንዘብ ግን ብዙ ይሆናል። ዶት ኮምም እንዲሁ ነው። በ1985 ሥራ ሲጀምር ስም ማስመዝገብ በነፃ ነበር። በ1995 ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ተጀመረ። ዛሬ ዋናው መዝገብ ያዥ ድርጅት ከአስመዝጋቢዎች የሚቀበለው በዓመት ከ10 ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ስሙን ይዞ መቆየት አይከብድም፤ የሚከብደው አስቀድሞ ከያዘው ሰው ማስለቀቁ ነው።

ችግሩ የሚመጣው አንድ ቃል ሁለት ሱቅ ሲሆን ነው። ኢንተርኔቱ አድራሻ የሚፈልገው እንደ ስልክ ቁጥር ነው። ከስልክ ቁጥር አንድ አኃዝ ቢሳሳት ሌላ ሰው ቤት እንደሚደወል ሁሉ፣ በአድራሻው ላይ አንዲት ፊደል ብትጨመር ወይም ብትጎድል የሚከፈተው የሌላ ሰው በር ነው። ሁለቱ አጻጻፎች አንድ ቃል መሆናቸውን ሰው እንጂ መዝገቡ አያውቅም።

እንግሊዝኛ ደግሞ በዚህ ረገድ ቤቱ የተከፈለ ቋንቋ ነው። በ1755 የታተመው የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት የእንግሊዞቹን አጻጻፍ ሲያጸና፣ አሜሪካዊው ኖህ ዌብስተር ደግሞ በ1806 እና በ1828 ባወጣቸው መዝገበ ቃላት አገሩን ከእንግሊዝ አጻጻፍ ለመለየት ተነሣ። ቀለም የሚለውን ቃል «ዩ» ቀነሰበት፤ ማዕከል የሚለውን መጨረሻ ገለበጠው። ሁሉም አልተሳካለትም፤ ምላስ ለሚለው ቃል ያቀረበውን አጭር አጻጻፍ የተቀበለው የለም። የተቀበሉት ግን ዛሬ በሁለት ጎራ ቆመዋል። በአንድ ወገን አሜሪካ፣ በሌላው ወገን እንግሊዝ፣ ሕንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድ፣ እንግሊዝ የገዛቸው የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችና የባሕረ ሰላጤው የንግድ ከተሞች አሉ። የኒው ዮርኩ የዓለም ንግድ ማዕከል በአሜሪካ አጻጻፍ፣ የዱባዩ የዓለም ንግድ ማዕከል በእንግሊዝ አጻጻፍ ነው የሚጠሩት። ሲነገሩ አንድ ናቸው፤ ሲጻፉ ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ቦታ ይለዋወጣሉ።

ደንበኛው የት ነው የሚኖረው?

ወደ ውስኪው ስንመለስ፣ «ኢ» የሌለበትን አጻጻፍ የሚጠቀሙትን መቁጠር ይበቃል። ስኮትላንድ በዓመት ከ5 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ውስኪ ወደ ውጭ ትልካለች። ካናዳና ጃፓን የሚጽፉት እንደ ስኮትላንድ ነው። ብዙ ውስኪ በመጠጣት ከቀዳሚዎቹ የምትመደበው ሕንድም እንዲሁ። ጀርመኖችና ፈረንሳዮች በራሳቸው ቋንቋ ሲጽፉ «ኢ»ን አያስገቡም። ይባስ ብሎ የአሜሪካ መንግሥት የመጠጥ ደንብ ራሱ የሚጠቀመው ያለ «ኢ» ያለውን አጻጻፍ ነው፤ እንደ ሜከርስ ማርክ ያሉ የታወቁ የአሜሪካ ጠማቂዎችም በጠርሙሳቸው ላይ እንደዚያው ያትማሉ። እንግዲህ ከአሜሪካ ሆኖ ለሚያየው «የአካባቢ አጻጻፍ» የሚመስለው፣ በገንዘብ ሲሰላ የብዙኃኑ አጻጻፍ ሆኖ ተገኘ። የጀርመኑ ነጋዴ የከፈለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዋጋ የሚተምነው ደላላ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ትክክለኛው አጻጻፍ የቱ ነው?» ብሎ አይደለም። ትክክለኛውን መዝገበ ቃላት ይወስን። የእሱ ጥያቄ «ይህን አጻጻፍ በጣቱ የሚመታው ሰው የት አገር ይኖራል? ምን ያህል ያወጣል? ለእሱ የሚሸጡ ድርጅቶችስ ስንት ናቸው?» የሚል ነው።

ጌጣ ጌጥ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። አሜሪካኖች ቃሉን በ7 ፊደል ይጽፉታል፤ እንግሊዞች በ9። አጠር ያለው አጻጻፍ ከሰፊው የአሜሪካ ገበያ ጋር ተደምሮ፣ በዶት ኮም ላይ የአሜሪካኖቹ ስም ብልጫ አለው ማለት ያስችላል። ይሁንና ስሙ ከዶት ኮም ወጥቶ በአገር ቅጥያ ላይ ሲቀመጥ ሚዛኑ ይገለበጣል። በእንግሊዙ «ዶት ኮ ዶት ዩኬ» ላይ የአሜሪካኖቹ አጻጻፍ ለለንደን ደንበኛ የተሳሳተ ታፔላ ነው። እንዲያውም የውጭ አገር ሰው እንግሊዛዊ መስሎ የከፈተው ሱቅ ያስመስለዋል። በዚያ ቅጥያ ላይ ዋጋ የሚያወጣው ረጅሙ ነው። በዱባይም የወርቅ ነጋዴዎቹ ማኅበር ሳይቀር በስሙ ላይ የያዘው የእንግሊዞቹን አጻጻፍ ነው። ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች አንዱ ዱባይ ላይ ቅርንጫፍ ከፍቶ አድራሻ ቢፈልግ፣ ውድ በሆነው የአሜሪካኖች ስም ላይ ገንዘቡን ማፍሰስ የለበትም ማለት ነው።

ቅጥያና አጻጻፍ መጋባት አለባቸው የሚለው ሕግ ቀላል ይመስላል፤ ካናዳ ላይ ሲደረስ ግን ብዙ ሰው ይደናቀፋል። ካናዳውያን ንጉሡ የእንግሊዝ፣ ጎረቤቱ የአሜሪካ ነው። ቀለም የሚለውን ቃል እንደ እንግሊዝ በ«ዩ» ይጽፋሉ፤ ማዕከልንም እንደ እንግሊዝ። የመኪና ጎማ ላይ ሲደርሱ ግን ወደ አሜሪካ ይዞራሉ። እንግሊዝ፣ ሕንድና አውስትራሊያ ጎማን በ«ዋይ» ሲጽፉ፣ ካናዳ እንደ አሜሪካ በ«አይ» ነው የምትጽፈው፤ በስሙ ውስጥ ጎማን የያዘው ትልቁ የካናዳ የችርቻሮ ድርጅት ካናዲያን ታየርም ታፔላው እንዲሁ ነው። «ካናዳ የእንግሊዝ ግዛት ነበረች» ብሎ የ«ዋይ»ውን ጎማ በካናዳው «ዶት ሲኤ» ቅጥያ የገዛ ኢንቬስተር፣ ካናዳዊ የማይጽፈውን ስም ለካናዳዊ ሊሸጥ ነው። በአንጻሩ ያንኑ የ«ዋይ» አጻጻፍ ለእንግሊዝ ወይም ለአውስትራሊያ ቢይዘው ያዋጣዋል። (አውስትራሊያም ብትሆን የራሷ ጉድ አላት፤ ሥራን በ«ዩ» እየጻፈች ትልቁ የሠራተኞች ፓርቲዋ ግን ከ1912 ጀምሮ ስሙን ያለ «ዩ» ይጽፋል።) የእኛው አገር የጎማ ፋብሪካ፣ በቀድሞ ስሙ አዲስ ጎማ፣ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው በ«ዋይ» መሆኑ የእንግሊዞቹ አጻጻፍ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ያሳያል።

ሁለተኛው አጻጻፍ ለማን ይሸጣል?

አንዱን አጻጻፍ የያዘ ሰው ሌላውን ባለመያዙ በየቀኑ የሚያጣው ነገር አለ። በሬዲዮ ወይም በቃል ስሙን የሰማ ደንበኛ እንደ አገሩ ልማድ ጽፎ ጎረቤት ቤት ይገባል። የዚህ ዓይነቱ መፍሰስ ምን ሊያደርስ እንደሚችል በ2006 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ታይቷል። ዩኒቨርሳል ቲዩብ የተባለ የቧንቧ መሥሪያ ማሽን ነጋዴ «ዩ» በሚለው ነጠላ ፊደል የሚጀምር አድራሻ ነበረው። ዩቲዩብ በዚያ ዓመት ገናና ሲሆን ስሙን በጆሮው ብቻ የሰማው ሕዝብ ወደ ማሽን ነጋዴው ገጽ ጎረፈ፤ የኩባንያው ኮምፒዩተር መሸከም አቃተው፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ይህ የአገር አጻጻፍ ልዩነት ባይሆንም፣ ድምፁ አንድ ሆኖ ሆሄያቱ ሲለያዩ የሚሆነው ግን ይኸው ነው። ከጎብኚ የሚብሰው ደግሞ ደብዳቤው ነው። ዋጋ ማቅረቢያና ደረሰኝ የያዘ ኢሜይል በአንዲት ፊደል ምክንያት የማያውቁት ሰው ሳጥን ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ከዚህ የተነሣ «ሁለተኛውን አጻጻፍ ይዤ ዋናው ባለቤት እስኪመጣ እጠብቃለሁ» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። የሁለተኛው አጻጻፍ ዋጋ ወለሉ በራሱ የሚያመጣው ደንበኛ ነው፤ ጣሪያው ደግሞ ዋናው ባለቤት ስሙን ባለመያዙ የሚደርስበት ጉዳት ነው። በወለሉና በጣሪያው መካከል ያለው ርቀት ነው ድርድሩ። ሆኖም አንድ ገዢ ብቻ ያለው ዕቃ አደገኛ ዕቃ ነው። ያ አንዱ ገዢ «አልፈልግም» ካለ ሁለተኛ በር የለም፤ ሻጩ በየዓመቱ 10 ዶላር እየከፈለ ይቀመጣል። በራሱ አገር የራሱ ገበያ ያለው አጻጻፍ፣ እንደ እንግሊዞቹ ጌጣ ጌጥ ያለው፣ ከዚህ ይለያል፤ እሱ አሜሪካዊው ባይገዛውም የሕንዱ ወይም የለንደኑ ነጋዴ ይገዛዋል።

በሕግ በኩል ያለው መስመርም መታወቅ አለበት። ውስኪ፣ ጎማ፣ ጌጣ ጌጥ የማንም ያልሆኑ የወል ቃላት ስለሆኑ በየትኛውም አጻጻፍ መያዝ ያስኬዳል። የአንድን ኩባንያ የታወቀ የንግድ ምልክት ፊደሉን ቀይሮ መያዝ ግን ሌላ ነው። ከ1999 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የዶሜይን ክርክር መፍቻ ሥርዓት አለ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሕግም በክፉ ልቦና ለተያዘ ለአንድ ስም ከ1 ሺህ እስከ 100 ሺህ ዶላር ካሳ ሊያስፈርድ ይችላል። «እኔ የጻፍኩት በእንግሊዞች አጻጻፍ ነው» የሚለው መከላከያ ብዙ አያስኬድም።

አንድ የቆየ የደላሎች ስሌት ደግሞ ዛሬ ዋጋው ወርዷል። ቀድሞ «ይህ አጻጻፍ በወር ይህን ያህል ጊዜ ይፈለጋል» ተብሎ በፍለጋ ብዛት ብቻ ይሸጥ ነበር። ጉግል በ2012 ከተፈለገው ቃል ጋር አንድ በመሆናቸው ብቻ ከፊት ይሰለፉ የነበሩ ደካማ ገጾችን ወደ ኋላ አድርጓል። ከ2014 ጀምሮም ማስታወቂያ ከፋዩ ቢፈልግም ባይፈልግም የተቀራረቡ አጻጻፎችን አንድ ላይ ያስተናግዳል። በፍለጋ በኩል የሚመጣው ደንበኛ እንግዲህ ፊደል አይለየውም። የሚለየው አድራሻውን በቀጥታ የሚጽፈው፣ ታፔላውን አይቶ የሚያምነውና ኢሜይል የሚልከው ነው። የፍለጋ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ሲያጋጥም ዋጋው ላይ ጠንከር ብሎ መከራከር ይገባል።

የሐረር ቡና በስንት «አር»?

ጉዳዩ የእንግሊዞችና የአሜሪካኖች ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ልዩነቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። አዲስ አበባን እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ሁለተኛውን ቃል በ«ኤ» ፊደል ሲያስኬዱት፣ ጀርመኖችና ጣሊያኖች መካከሉ ላይ «ኢ» ያስገባሉ፤ ፈረንሳዮች ደግሞ ያንኑ «ኢ» ይዘው በሁለቱ ቃላት መካከል ጭረት ይጨምራሉ። ደንበኞቹ ጀርመናውያን የሆኑ አስጎብኚ ድርጅት በከተማይቱ ስም አድራሻ ቢያወጣ፣ የሚበጀው አጻጻፍ ለንደን ውስጥ ከሚበጀው ይለያል።

ቡናው ላይ ደግሞ ገንዘቡ ይበዛል። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ ሲያመለክት፣ ሐረርን የጻፈው መካከል ላይ ያለውን «አር» ደርቦ ነው። በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባችው ከተማ፣ ሐረር ጁገል፣ ግን የተጻፈችው «አር»ን ሳይደርብ ነው። የቡናው ከረጢትና የከተማይቱ ካርታ በአንዲት ፊደል ይለያያሉ። ይርጋጨፌም በምልክቱ ላይ «ኤፍ»ን ይደርባል። ሲዳሞ የተመዘገበው በቀድሞው ክፍለ ሀገር ስም በ«ኦ» ነው፤ በ2020 የተመሠረተው ክልል ግን ሲዳማ ስለሆነ በ«ኤ» ይዘጋል፤ ዛሬ በውጭ ገበያ ሁለቱም ስሞች በከረጢት ላይ ይታያሉ። ቡና ቆይዎች፣ በ2007 ከመንግሥት ጋር የተስማማውን ስታርባክስን ጨምሮ፣ የለመዱት የምልክቱን አጻጻፍ ነው። ስለዚህ ቡና የሚልክ ነጋዴ ገዢው የሚያውቀውን የከረጢቱን አጻጻፍ፣ ቱሪስት የሚያመጣው ደግሞ የካርታውን አጻጻፍ ቢያስቀድም ያዋጣዋል። እዚህ ላይ ግን ስሞቹ ባለቤት አላቸው፤ መንግሥት ያለ ክፍያ ፈቃድ የሚሰጥባቸው የንግድ ምልክቶች በመሆናቸው፣ ይዞ ለመቸርቸር ብቻ የሚገዛቸው ሰው ከላይ የተጠቀሰው የሕግ መስመር ላይ ይወድቃል።

በራሳችን ፊደል አድራሻ ማውጣት ሲለመድ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አማርኛ ተናጋሪ በ«ፀ» ወይም በ«ጸ» ጀምሮ፣ መካከሉን ከ«ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» በአንዱ ሊጽፈው ይችላል። ሲባዛ 12 አጻጻፍ ይሆናል፤ ሁሉም ሲነበቡ አንድ፣ ለኮምፒዩተር ግን 12 የተለያዩ ስሞች። መዝገብ ያዡ አስቀድሞ «እነዚህ አንድ ናቸው» ብሎ ካላሠራቸው በስተቀር፣ አንድ ነጋዴ አንዱን ሲይዝ የቀሩትን 11 ሌላ ሰው ሊይዛቸው ይችላል።

ሌሎች ይህን ጣጣ አስቀድመው አይተውታል። ቻይናውያን በዋናው ምድር ቀለል ያለውን፣ በታይዋን ነባሩን ጽሕፈት ስለሚጠቀሙ፣ የሁለቱን አጻጻፍ ለአንድ ባለቤት አስሮ የመስጠት መመሪያ በ2004 ወጥቷል። ጀርመን ሌላ መንገድ መረጠች። ጀርመኖች «ቢ» የምትመስል የራሳቸው ድርብ «ኤስ» አለቻቸው፤ የስዊስ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች አይጠቀሙባትም፤ በሁለት «ኤስ» ነው የሚጽፉት። ለብዙ ዓመታት የኢንተርኔት አድራሻም ይህችን ፊደል አይቀበልም ነበር። በ2010 መገባደጃ የጀርመኑ መዝገብ ያዥ ፊደሏን ሲፈቅድ፣ ስሙን በሁለት «ኤስ» ቀድመው ይዘው ለነበሩት የ3 ሳምንት ቅድሚያ ሰጠ። ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ ያልተወሰዱት ስሞች ቀድሞ ለመጣ ሁሉ ክፍት ሆኑ።